ማቆሚያው በማን እጅ ነበር? የፕላዝማ ትምህርት የጉዳይ ጥናት

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው «ፕላዝማ» ሲባል የቴሌቪዥን ዓይነት አይታሰበውም። የሚታሰበው ክፍሉ ነው፤ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ያለው ስክሪን፣ ደወሉ ሳያባራ ንግግሩን የሚጀምረው የቴሌቪዥን መምህር፣ ጥያቄ አቅርቦ፣ ጥቂት ጠብቆ፣ ራሱ መልሶ የሚያልፈው ድምፅ። አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት የተቀመጡ ተማሪዎች ግማሽ ዓረፍተ ነገር ገልብጠው ቀና ሲሉ ሥዕሉ ተቀይሯል።

ስለ ፕላዝማ፣ በሳተላይት ቴሌቪዥን ወደ ክፍል ይገባ ስለነበረው ትምህርት፣ ብዙ ተከራክረናል። ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ቴሌቪዥን ያስተምራል ወይስ አያስተምርም?» የሚለው ላይ ይቆማል። በዚህ መንገድ የትም አይደረስም፤ ያው ቪዲዮ አንዱን ክፍል ሲያነቃ ሌላውን ሲያስተኛ ይታያልና። ከፕላዝማ ልንማር የሚገባን ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ቪዲዮውን የማቆም ሥልጣን ክፍል ውስጥ ከቆመው መምህር እጅ ወጣ። የቋንቋው ችግር፣ የመብራቱ ችግር፣ የድምፁ ችግር በየራሳቸው የሚቻሉ ነበሩ። የማይቻሉ ያደረጋቸው ማንም «ቆይ አንዴ» ለማለት አለመቻሉ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በፍጥነት አደገ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ሁሉ ልጅ 9ኛ ክፍል በር ላይ ደረሰ። ሁለተኛ ደረጃን ለማስተማር የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል፤ ዲግሪ ያለው የፊዚክስና የሂሳብ መምህር ደግሞ በየወረዳው አይገኝም ነበር። ቤተ ሙከራ ያለው ትምህርት ቤት ጥቂት ነው፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ኬሚካል ያለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በፈረቃ እየተማሩ እንኳ አንድ ክፍል ውስጥ 60፣ 70፣ አንዳንዴም ከ80 በላይ ተማሪ ይቀመጥ ነበር።

ለዚህ መፍትሔ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ነው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ተቀረፀ፤ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ተሠራጨ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዲሽና በሪሲቨር ተቀብለው በኬብል ለየክፍሉ አዳረሱት። ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ በዚህ መንገድ ተሰጡ።

ሐሳቡን መናቅ ተገቢ አይደለም። ጎዴ ያለ ልጅና አዲስ አበባ ያለ ልጅ አንድ ዓይነት ሙከራ በአንድ ቀን ያያሉ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊት ብዙ ተማሪ የአሲድና የቤዝን ምላሽ የሚያውቀው መምህሩ በጠመኔ ከሚጽፈው ቀመር ብቻ ነበር። ፕላዝማ ቀለሙ ሲቀየር አሳየው። በየጊዜው የተደረጉ ጥናቶች ላይም ተማሪዎች ደጋግመው በበጎ የሚያነሱት ይህንኑ ነው፤ ሙከራውን፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕሉን፣ ከመጽሐፍ ላይ ሞቶ የሚታየው ነገር ነፍስ ዘርቶ መታየቱን።

40 ደቂቃው

አሠራሩ ወረቀት ላይ ግልጽ ነበር። ከ40 ደቂቃው የመጀመሪያዎቹ 5 ገደማ የክፍሉ መምህር ማስተዋወቂያ ናቸው፤ ቀጥሎ 30 ደቂቃ ያህል ሥርጭት፤ ከዚያ 5 ገደማ ማጠቃለያ። በሥርጭቱ መሐል የቴሌቪዥኑ መምህር ጥያቄ ያነሳል፣ ለመሥሪያ ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፣ መልሱን ያሳያል፣ ያልፋል።

የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች እንያቸው። ያለፈው ክፍለ ጊዜ መምህር ይወጣል፣ ይኼኛው ከሌላ ሕንፃ ይመጣል፣ ተማሪው ይነሳል፣ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ ሰሌዳ ይጠረጋል፣ ስክሪኑ ይበራል። የ70 ልጅ ስም ልጥራ ያለ መምህር ብቻውን 4 ደቂቃ ይወስድበታል። ስለዚህ ማስተዋወቂያ የተባለው ጊዜ በአብዛኛው ትምህርት ሳይሰጥበት ያልቃል። ሥርጭቱ ግን አገር አቀፍ ነውና አይጠብቅም። ደወል መቺው 2 ደቂቃ ከዘገየ ክፍሉ የዕለቱን ዓላማ ሳይሰማ መሐል ላይ ይገባል።

ለምሳሌ ባዮሎጂን፣ ኦስሞሲስን እንውሰድ። ትምህርቱ የቆመው በአንድ ስስ ነገር ላይ ነው፤ ውሃን የሚያሳልፍ፣ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ግን የሚከለክል ሽፋን። ተማሪው እዚህ ላይ ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይሳሳትበታል። አብዛኛው ልጅ የሚሳሳትበት ቦታም ይታወቃል፤ የሚንቀሳቀሰው ጨው ይመስለዋል። ድንች ጨው ውስጥ ሲልፈሰፈስ «ጨው ገብቶበት ነው» ይላል። ውሃው ከድንቹ ወጥቶ ነው የሚለውን ለማመን ቆም ብሎ ማሰብ፣ ተሳስቶ መናገርና መታረም ያስፈልገዋል።

ቪዲዮ ለዚህ ትምህርት ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ነው። ሞለኪውሎቹን በቀለም ለይቶ፣ ሽፋኑን አጉልቶ፣ የቱ አልፎ የቱ እንደቀረ ያሳያል። ነገር ግን ሥዕሉ 20 ሰከንድ ቆይቶ በሌላ ሲተካ፣ ከሥዕሉ ጋር እንግሊዝኛ ሲነገር፣ ከንግግሩ ጋር ጽሑፍ ሲወጣ፣ ተማሪው ደግሞ ለፈተና ስለሚፈልገው ጽሑፉን ልቅዳ ብሎ ሲያቀረቅር፣ ዓይኑ ከሥዕሉ ላይ ይነሳል። ለማየት የተሠራውን ነገር በመጻፍ ላይ ሳለ ያመልጠዋል። በክፍሉ ያለው መምህር ይህን ያያል። ግማሹ ክፍል «ጨው አለፈ» ብሎ እንደጻፈም ሊያይ ይችላል። ማድረግ የሚችለው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ እየጮኸ ማስረዳት፣ ወይም ዝም ማለት። ሲጮህ ቀጣዩን ያስመልጣቸዋል። ዝም ሲል ያለፈው ይቀራል።

የመልመጃው ጊዜም እንዲሁ ነው። አንድ ደቂቃ ተሰጠ እንበል። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ አንብቦ ለመረዳት ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይሄዳል። በቀረው 40 ሰከንድ ውስጥ መምህሩ በ70 ተማሪ መሐል ዞሮ ቢበዛ አራት ወይም አምስት ደብተር ያያል። ከዚያ መልሱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፤ ያልሠራው ሁሉ ይገለብጣል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተማሪው ይህን ያውቅበታል፤ ጥያቄ ሲመጣ እስክሪብቶውን አስቀምጦ መልሱን ይጠብቃል። መልመጃ መሆኑ ቀርቶ የመጠበቂያ ጊዜ ይሆናል።

ቋንቋው

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው የሚመጣው ግን ከተለያየ መንገድ ነው። በአንዳንድ ክልሎች እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሯል፤ በሌሎች ከ7ኛ ክፍል ወይም ከዚያ በፊት ወደ እንግሊዝኛ ተሸጋግሯል። ሁሉም አንድ ስክሪን ፊት ተቀመጡ። የሚሰሙት አነጋገር የደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከገዛ መምህራቸው የለመዱት እንግሊዝኛ አይደለም።

የቴሌቪዥን ተራኪ በደቂቃ ከ140 እስከ 160 ቃል ቢናገር ለአፍ ፈት አድማጭ መደበኛ ፍጥነት ነው። በሁለተኛ ቋንቋ፣ አዲስ የሳይንስ ቃል እየቆጠረ ለሚያዳምጥ ልጅ ግን ከ100 እስከ 120 ቢሆን ይሻለዋል፤ ያውም በየዓረፍተ ነገሩ መሐል ዕረፍት ኖሮት። ክፍል ውስጥ ያለ መምህር ሳያስበው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ፊታቸውን አይቶ ይደግማል፣ «ገባችሁ?» ይላል፣ አንዷን ቃል በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ወርውሮ ይመለሳል። ቴሌቪዥኑ ፊታቸውን አያይም።

ሌላም ውጤት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት እንዳመለከተው፣ 9ኛ ክፍል የሚጠብቃቸው የእንግሊዝኛ ሥርጭት የአንደኛ ደረጃውን ቋንቋም ወደ ታች መግፋት ጀምሮ ነበር። ልጆቻችን ፕላዝማ እንዳይከብዳቸው ቀደም ብለው በእንግሊዝኛ ይማሩ የሚል ግፊት መጣ። መሣሪያው ለትምህርቱ መታዘዝ ሲገባው ትምህርቱ ለመሣሪያው መታዘዝ ያዘ።

መብራት፣ ዝናብ፣ የኋላ ወንበር

መብራት ሲሄድ የሚሆነው ግልጽ ይመስላል፤ ግን ጉዳቱ የዕለቱ ብቻ አልነበረም። ሂሳብ በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ቢኖረውና በሳምንት አንድ ቀን መብራት ቢጠፋ ከአምስት አንዱ ትምህርት ይቀራል። ሥርጭቱ የቀረውን አይመልስም፤ ነገ የሚመጣው ትናንት በቀረው ላይ የተመሠረተ ነው። መምህሩ የጎደለውን ላስተምር ቢል የዛሬው ያልፈዋል፤ የዛሬውን ላሳይ ቢል የትናንቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጄኔሬተር ያለው ትምህርት ቤትም ነዳጅ ያስፈልገዋል። አንድ 42 ኢንች ፕላዝማ ወደ 300 ዋት ይበላል፤ 12 ክፍል ባንድ ጊዜ ሲበራ 3.6 ኪሎዋት ነው፤ በየቀኑ ስድስትና ሰባት ክፍለ ጊዜ ሙሉ።

መብራት ሲመለስ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በመጀመሪያ የሚቃጠለው የስክሪኑ ፓወር ቦርድ ነው። ስታቢላይዘር በሌለበት ያለው መከላከያ አንድ ነው፤ መብራት እንደጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመጣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ። ይህ ጥንቃቄ የቀጥታ ሥርጭት በሚጠብቅ ክፍል ውስጥ አይሠራም፤ 10 ደቂቃ መጠበቅ የትምህርቱን ሲሶ መተው ነውና ተማሪው ወዲያው ይሰካዋል።

ስለ ስክሪኑ አንድ ነገር እንጨምር፤ ደጋ ላይ የሚሠሩ ቴክኒሻኖች ሊያውቁት የሚገባ ነው። የፕላዝማ ስክሪን ሁለት መስታወት ሲሆን በመሐሉ ኒዮንና ዜኖን የተባሉ ጋዞች ከውጭ አየር ባነሰ ግፊት ታሽገዋል። የውጭው አየር መስታወቶቹን አጥብቆ ይይዛቸዋል። ከፍታ ሲጨምር የውጭው ግፊት ይቀንሳል፤ በ2,400 ሜትር ላይ የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ያኔ መስታወቱ ይላላና ከኤሌክትሪኩ ጋር እየተንቀጠቀጠ ዝዝ የሚል ድምፅ ያሰማል። ብዙ አምራቾች ከ2,000 እስከ 2,400 ሜትር ባለው ላይ ወሰን ያስቀምጡ ነበር። አዲስ አበባ ወሰኑ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን አልፋዋለች። ድምፁ ብልሽት አይደለም፤ ቦርድ በመቀየርም አይጠፋም።

የኋላ ወንበር ነገር በስሌት የሚታይ ነው። 42 ኢንች ስክሪን ቁመቱ 52 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ዝርዝር ነገር ለማየት የሚመከረው ርቀት ከቁመቱ ስድስት እጥፍ ያልበለጠ ነው፤ 3 ሜትር ከ10 ገደማ ማለት ነው። የመጨረሻው ዴስክ ግን ከሰሌዳው 7 ወይም 8 ሜትር ይርቃል። እዚያ ያለ ልጅ ሳይጨነቅ እንዲያነብ አንድ ፊደል 3.5 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት ይኑረው። ስክሪኑ ላይ የሚበቁት ከሰባት ስምንት መስመር አይበልጡም። ከዚያ በላይ የተጫነ ጽሑፍ ከኋላ ላለው ጨለማ ነው። ፊት ለፊቱ መስኮት ካለ ደግሞ መስታወቱ ላይ የሚታየው የግቢው ባሕር ዛፍ ነው።

ዝናብስ? ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የግንቦትና የሰኔ ዝናብ ሲወርድ የቴሌቪዥን ድምፅ ማጉያ አይበቃውም። መምህር ከሆነ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ወይም እስኪያባራ መልመጃ ይሰጣል። ሥርጭቱ ግን እየተናገረ ያልፋል። ከባድ ደመና ሲኖር የሳተላይቱ ምልክት ራሱ ይቆራረጣል፤ ሥዕሉ ይፈራርሳል፣ ድምፁ ይንተባተባል።

መምህሩ ምን ሆነ

በዚህ ሁሉ መሐል የክፍሉ መምህር ዲግሪ ይዞ፣ ጠመኔ ይዞ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ትምህርቱን ሌላ ሰው እያስተማረለት ስለሆነ መዘጋጀት አላስፈለገውም፤ ሳይዘጋጅ ሲቀር ደግሞ በማጠቃለያው 5 ደቂቃ የሚለው ጠፋ። ተማሪው ሁለቱን መምህራን ማወዳደር ያዘ፤ አንዱ ተቀርፆ፣ ተቆርጦ፣ ተስተካክሎ የቀረበ ነው፤ ሌላው ደክሞት በቀን ስድስተኛ ክፍሉ የገባ ሰው። ውድድሩ ፍትሐዊ አልነበረም፤ ለብዙ መምህራንም የሞራል ጉዳት ነበር። ይህ ጉዳት ከተቃጠለ ስክሪን በላይ ያሳዝናል፤ ስክሪን ይቀየራል።

በሌሎች አገሮችም ይኸው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካን ሳሞአ፣ በአሜሪካ ሥር ባሉት የፓስፊክ ደሴቶች፣ የቴሌቪዥን ትምህርት የትምህርት ሥርዓቱ ምሰሶ ተደርጎ ተጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተለይ ሁለተኛ ደረጃ ላይ መምህራንና ተማሪዎች ተቃወሙት፤ ወደ ድጋፍ ሰጪነት ወረደ። ሜክሲኮ ግን እ.ኤ.አ. በ1968 የጀመረችው ቴሌሴኩንዳሪያ የተባለው የሁለተኛ ደረጃ የቴሌቪዥን ትምህርት ዛሬም አለ። ልዩነቱ የጊዜ አከፋፈሉ ላይ ነው። የቴሌሴኩንዳሪያ የተለመደ አሠራር 15 ደቂቃ ያህል ሥርጭት፣ ከዚያ የቀረው ክፍለ ጊዜ በመጽሐፍ፣ በመልመጃና በውይይት ከመምህሩ ጋር ነበር። ቴሌቪዥኑ ከፋች ነበር፤ ጊዜው የመምህሩ። እኛ ዘንድ ቁጥሩ ተገላቢጦሽ ነበር።

የሜየር ምክርና የድንቹ ክፍለ ጊዜ

በመልቲሚዲያ ትምህርት ላይ ብዙ የሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየር ካስቀመጣቸው መርሆች ሦስቱ ለዚህ ጉዳይ የተነገሩ ይመስላሉ። ትምህርቱን ቆራርጦ ማቅረብና ተማሪው በራሱ ፍጥነት እንዲያልፍ ማድረግ፤ ዋና ዋና ስሞችን ከቪዲዮው በፊት ማስተዋወቅ፤ የሚነገረውን ሁሉ ቃል በቃል ስክሪን ላይ አለመጻፍ። ሦስተኛው ላይ ማስተካከያ አለው፤ አድማጩ በሁለተኛ ቋንቋ ሲማር ቁልፍ ቃሎች ቢጻፉ ይጠቅማሉ። ቃሎች ግን፣ ሙሉ አንቀጽ አይደለም። ርዝመትን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣና 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን የመረመረ ኤዴክስ በኢንተርኔት የሚሰጣቸው ኮርሶች ጥናት ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም የተመልካቾቹ መካከለኛ የመመልከቻ ጊዜ ከ6 ደቂቃ እንደማይዘል አሳይቷል። እዚያ ያሉት ፈቅደው የሚያዩ አዋቂዎች ናቸው። የእኛ ተማሪ ተነስቶ መውጣት አይችልም፤ ሐሳቡ ግን ይወጣል።

እንግዲህ ያንኑ የኦስሞሲስ ትምህርት፣ ያንኑ ቪዲዮ፣ በፍላሽ ላይ አድርገን ለመምህሩ እንስጠው።

ድንቹ ቀድሞ ይዘጋጃል። 1 ሴንቲሜትር ውፍረት፣ 5 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸው ቁራጮች ይከተፋሉ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይቀዳል፤ በአንዱ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይሟሟል። ቁራጮቹ ክፍለ ጊዜው ከመጀመሩ 30 ደቂቃ በፊት ይገባሉ፤ የክፍል አለቃው ይህን በደስታ ይሠራዋል። ጨው ሲያንስ ለውጡ በዓይን አይለይም፤ ብዙ መምህር ሙከራው አልሠራልኝም የሚለው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ 10 ደቂቃ ስለሚጠብቅ ነው።

ክፍለ ጊዜው ሲጀምር መምህሩ ሰሌዳው ላይ ስድስት ቃል ብቻ ይጽፋል፤ ከጎናቸው በተማሪው ቋንቋ ፍቺያቸውን። ከዚያ ቁራጮቹ በየረድፉ ይዞራሉ። በንጹሕ ውሃ የነበረው ሲታጠፍ ቀጭ ይላል፤ በጨው ውሃ የነበረው እንደ ጎማ ይለመጣል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ምን ገባ? ወይስ ምን ወጣ? ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ይህ እስከ 10ኛው ደቂቃ ይወስዳል። ቴሌቪዥኑ ገና አልበራም።

አሁን የመጀመሪያው 3 ደቂቃ ቪዲዮ ይታያል፤ ደብተር ተዘግቶ፣ እስክሪብቶ ተቀምጦ። መጻፊያ ጊዜ እንደሚመጣ ቀድሞ ካልተነገራቸው ይህ አይሳካም፤ ፈርተው ይገለብጣሉ። ሥዕሉ ሽፋኑ ላይ ሲደርስ መምህሩ ያቆመዋል። የቆመው ሥዕል ላይ በእጁ እያሳየ ይጠይቃል፤ ሰማያዊው ምንድን ነው? ቀዩስ? የቱ አለፈ? ቀጥሎ ያንኑ 45 ሰከንድ ድምፁን አጥፍቶ ደግሞ ያሳያል፤ በዚህ ጊዜ የሚተርከው አንድ ተማሪ ነው፣ በሚችለው ቋንቋ። «ጨው አለፈ» የሚለው ልጅ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ የሚታረመውም በመምህሩ ሳይሆን በቆመው ሥዕል ነው፤ ቀዩ ነጥብ ሽፋኑን ሲነካ ተመልሷል፣ ሁሉም እያየው።

20ኛው ደቂቃ ላይ ደብተር ይከፈታል። ተማሪው ሥዕሉን ራሱ ይሥላል፤ ሽፋኑን፣ ሁለቱን ቀለም፣ የውሃውን አቅጣጫ በቀስት። መምህሩ ዞሮ ቀስቶቹን ብቻ ያያል፤ የቀስት አቅጣጫ ማየት ዓረፍተ ነገር ከማንበብ በጣም ስለሚፈጥን በ6 ደቂቃ ውስጥ አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናል። ከዚያ ሁለተኛው ቁራጭ ቪዲዮ፣ 4 ደቂቃ፣ በእንስሳት ሕዋስ ላይ የሚሆነውን ያሳያል። የቀረው ጊዜ ወደ መጀመሪያው ግምት መመለሻ ነው፤ የተሳሳተውን ሰርዞ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ መጻፍ።

የቪዲዮው ጊዜ ድግግሞሹ ተጨምሮ 8 ደቂቃ አልሞላም። መብራት መሐል ላይ ቢሄድ ድንቹ አለ፣ ሰሌዳው አለ፣ ደብተሩ ላይ ሥዕሉ አለ። ቪዲዮው ነገ ካቆመበት ይቀጥላል።

ዕቃው

ለዚህ የሚያስፈልገው ከሳተላይቱ ዘመን እጅግ ያነሰ ነው። 43 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ከ60 እስከ 100 ዋት ይበላል፤ የድሮው ፕላዝማ ሲሶ ወይም ከዚያ በታች። አቅም ካለ 55 ኢንች ይመረጥ፤ ቁመቱ 68 ሴንቲሜትር ስለሆነ አንድ ረድፍ ያህል ተጨማሪ ልጅ ወደ ንባብ ርቀት ያስገባል። የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ 1 ሜትር ከ50 ይሰቀል፤ ዝቅ ካለ የፊት ረድፍ ጭንቅላት ይጋርደዋል። መስኮት ፊት ለፊቱ አይሁን። የቴሌቪዥኑ የራሱ ስፒከር ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ስለሚናገር ለ70 ልጅ አይበቃም፤ ከ20 እስከ 40 ዋት የሚሆን የውጭ ስፒከር በተማሪው ጆሮ ከፍታ፣ ከክፍሉ መሐል ጎን ይቀመጥ። ፊት ለፊት ድምፁን ከፍ ከማድረግ ይህ ይሻላል። ዲቫይደሩ ላይ ከቴሌቪዥኑና ከስፒከሩ ሌላ ምንም አይሰካ፤ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ሲሆን ይላላል፣ ይግላል፣ ከዚያ ይቀልጣል።

ፋይሉ ኤምፒ4 ይሁን፣ 480 መስመር ይበቃዋል። 10 ደቂቃ በዚህ ጥራት ከ50 እስከ 80 ሜጋባይት ነው፤ ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ የአንድ ትምህርት ዓይነት የዓመት ቁራጮችን ይይዛል። ቴሌቪዥኑ ፍላሹን አላነብም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የፍላሹ ፎርማት ነው፤ ፋት 32 ተደርጎ ሲሞላ ይከፍታል። ሥዕል እያለ ድምፅ ከሌለ ምክንያቱ የድምፁ ኮዴክ፣ ማለትም ድምፁ የተቀመጠበት ዓይነት፣ ነው፤ በኮምፒውተር ወደ ኤኤሲ ይቀየር። የፋይል ስም በፊደል አይጻፍ፤ ብዙ ቴሌቪዥን የግዕዝ ፊደልን በባዶ ሣጥን ነው የሚያሳየው። ክፍል፣ ምዕራፍ፣ ቁራጭ በቁጥር ይቀመጥ፦ 09-04-02። መምህሩ ከተማሪ ፊት ቆሞ ፋይል ሲፈልግ የሚያባክነው 3 ደቂቃ ከመጀመሪያው ቁራጭ ቪዲዮ ጋር እኩል ነው።

ከፍላሹ ጋር አንድ ካርድ ይታሰር፤ የወፍራም ወረቀት ግማሽ ገጽ። የኦስሞሲሱ ካርድ ይህን ይመስላል፦

09-04-02። ርዝመት 11 ደቂቃ ከ20።
1፡50 ላይ አቁም። ሽፋኑ የቱን ያሳልፋል?
ከ1፡50 ተመለስ ወደ 1፡05፤ ድምፅ አጥፋ፤ ተማሪ ይተርክ።
ከ3፡00 እስከ 6፡30 ዝለል፤ በ10ኛ ክፍል ይመጣል።
ከ6፡30 እስከ 10፡30 አሳይ። «ፈነዳ» ሲል አቁም፤ የዕፅዋት ሕዋስ ለምን አይፈነዳም?

ከካርዱ ጀርባ ባዶ መስመር ይተዋል። ክፍሉ ያልተጠበቀ ቦታ ላይ ሲደናገር መምህሩ ደቂቃውንና የተማሪውን ስህተት እዚያ ይጽፋል። ካርዱ የሚቀመጠው በትምህርት ክፍሉ መሳቢያ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ትምህርቱን የሚይዘው መምህር መጀመሪያ የሚያነበው ጀርባውን ነው።